ግማሽ ዋት ፍለጋ፦ ፕላነር ማዳመጫን በስፒከር አምፕሊፋየር ማንቀሳቀስ፣ ከፒያሳ የተገኘ አንድ ጉዳይ

ስስ ሽፋን በማግኔቶች ፊት እየተርገበገበ የሚሠራው፣ ፕላነር ማግኔቲክ የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ በቂ ኃይል ባያገኝ ዝም አይልም፤ ይሰማል። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ሳስቶና ጫፉ ተቆርጦ ሲመጣ ሰሚው ጥፋቱን ከቀረጻው፣ ከማዳመጫው ወይም ከገዛ ጆሮው ይፈልገዋል እንጂ ከማጉያው (ከአምፕሊፋየሩ) አይፈልገውም። ከሀገር ፍቅር ቴአትር ብዙም በማይርቅ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ይዘው የሚሠሩ አንድ ጡረተኛ የድምፅ ባለሙያ የገጠማቸው ይኸው ነበር። ጉዳዩን በዝርዝር የጻፍኩት ማዳመጫውን ከስፒከር አምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት መፍትሔ መሆኑን የሚሰሙ ሰዎች እየበዙ፣ እንዴት እንደሚገናኝ የሚጠይቁት ግን ጥቂት በመሆናቸው ነው።

ባለጉዳዩን እዚህ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚሁ ነው። ዕድሜያቸውን በድምፅ ቀረጻ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። አሁን ሰዎች ከየቤታቸው የሚያመጡላቸውን የድሮ ክርና ካሴት ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ፤ የበገና ቀረጻ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የአባት ኑዛዜ፣ የሞተች እናት ልጇን ስትመርቅ የተቀዳ ድምፅ። ሥራቸው መገልበጥ ብቻ አይደለም። ክሩ የተጎዳበትን ቦታ እየሰሙ በደብተር ይመዘግባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቦታ ብቻ ለይተው ያክማሉ። በክፍላቸው ውስጥ ስፒከር ከፍቶ መሥራት አይቻልም። ከታች የመኪና ጥሩምባና የግንባታ ድምፅ አለ፤ ግድግዳውም ስስ ነው። ስለዚህ ሙሉ ፍርዳቸው በጆሮ ማዳመጫ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከውጭ አገር የሚኖሩ ዘመድ ሃይፋይማን ኤችኢ-6 የተባለ ያገለገለ ፕላነር ማዳመጫ ሲልኩላቸው ደስታቸው ትልቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን በደብተሩ የሚሰፍሩት ጉዳቶች በዙ። ድሮ ንጹሕ ናቸው ብለው ያለፏቸው ክሮች እንኳ ከበሮው ጠንከር ባለበት ቦታ ሁሉ የሚሰነጠቅ ድምፅ ማሰማት ጀመሩ። እኔን ያስጠሩኝ ኮምፒውተሩን እንድፈትሽ ነበር። ወንበር ሳቡልኝና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ የደከመው ክሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

መልሱ በማዳመጫው መግለጫ ላይ ተጽፎ ነበር። ኤችኢ-6 እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣ ሲሆን፣ በአንድ ሚሊዋት ኃይል የሚያወጣው ድምፅ 83.5 ዲሲቤል ብቻ ነው፤ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ደግሞ 50 ኦም ነው። ከተለመዱት ማዳመጫዎች ብዙዎቹ በዚያችው አንድ ሚሊዋት 100 ዲሲቤል አካባቢ ያወጣሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየ10 ዲሲቤሉ የሚያስፈልገው ኃይል በአሥር እጥፍ ስለሚያድግ ሌላው በአንድ ሚሊዋት የሚሠራውን ይህኛው የሚሠራው በ45 ሚሊዋት ገደማ ነው። ከዚሁ ፋብሪካ በ2017 የወጣው ሱስቫራም 83 ዲሲቤልና 60 ኦም በመሆኑ በዚህ በኩል የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። በተለመደው ማዳመጫ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቅል ሽቦ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በተከማቸ ማግኔታዊ ኃይል መካከል ትንቀሳቀሳለች። በፕላነሩ ውስጥ ግን ጥቅል የለም። መስመሩ በስስ ሽፋን ላይ ተዘርግቶ፣ ሽፋኑ ሙሉ ገጹ በማግኔቶች ፊት ይርገበገባል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1976 ኤችፒ-1 የተባለውን ማዳመጫ ይዞ ሲወጣ የተከተለው መንገድ ይኸው ነው። ሽፋኑ በሁሉም ቦታ እኩል ስለሚገፋ ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፤ ማግኔታዊው ኃይል ግን በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናልና ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ሌላ ጠባይም አለው፤ ኢምፒዳንሱ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ እምብዛም አይለዋወጥም፤ ለአምፕሊፋየሩ እንደ ተራ ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክን በቋሚ መጠን እንደሚገታ ዕቃ፣ ይታየዋል። ይህች ጠባይ ኋላ በእጅጉ ጠቅማናለች።

ስሌቱን በወረቀት ላይ አብረን ሠራነው፤ ጋሼ በቁጥር የሚያምኑ ሰው ናቸው። ያልታመቀ፣ ማለትም በጠንካራውና በለስላሳው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ያልተጠበበ፣ የከበሮ ቀረጻ አማካዩ 85 ዲሲቤል ላይ ቢደመጥ ጫፎቹ፣ የቅጽበት ከፍታዎቹ፣ ከአማካዩ ከ20 ዲሲቤል በላይ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ መድረሻችንን 110 ዲሲቤል አደረግን። ከ83.5 ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 450 ሚሊዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ በ50 ኦም ላይ 4.7 ቮልትና ከ100 ሚሊአምፔር ያነሰ ከረንት ማለት ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘችው ትንሽ የድምፅ ማስገቢያና ማውጫ መሣሪያ የምትሰጠው ግን አንድ ቮልት ያህል ነበር። አንድ ቮልት በ50 ኦም ላይ 20 ሚሊዋት ነው፤ ጫፉም 96.5 ዲሲቤል ላይ ያበቃል። ጋሼ ድምፁ ሲያንሳቸው በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲጨምር መሣሪያዋ ከአቅሟ በላይ ተጠየቀች፤ የከበሮው ጫፍም ተቆረጠ። በደብተር የሰፈረው ስንጥቅጥቅ ድምፅ ከክሩ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ጆሮዎም ክሩም ደኅና ናቸው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የሌላ ሰው እናት ድምፅ በተሳሳተ ፍርድ ሊታከም እንደነበር ለገባው ሰው ዝምታው አይገርምም።

ግማሽ ዋት ከየት ይምጣ? ለዚህ የሚሠሩ የማዳመጫ አምፕሊፋየሮች አሉ፤ ዋጋቸውና ከውጭ የማስመጣቱ ጣጣ ግን ከጋሼ ገቢ ጋር አይገናኝም። የስፒከር አምፕሊፋየር ግን በየቤቱ አለ። ከእኔ በፊትም አንድ ጠጋኝ ይህንኑ አስቦ ነበር። ከመዳፍ የማትበልጥ የዲ-መደብ (ኃይሉን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚያጎላ) አምፕሊፋየር ሰሌዳ አምጥቶ፣ የግራና የቀኝ ስፒከር መውጫዎቿን በአንድ ተራ የማዳመጫ ሶኬት ላይ በየዳቸው። ሰሌዳዋ ወዲያው ጋለች፤ ድምፅ ብልጭ እያለ ጠፋ፤ ከዚያም ሞተች። ማዳመጫው የተረፈው በዕድል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በዚህች ነጥብ ነውና። ተራው የማዳመጫ ሶኬት ሦስት መገናኛ ብቻ አለው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ፣ ሦስተኛው ለሁለቱ የጋራ መልስ። አብዛኞቹ ትናንሽ የዲ-መደብ ሰሌዳዎች ግን በድልድይ ስልት ይሠራሉ። የስፒከሩ አሉታዊ ጫፍ ከግራውንድ፣ ከመሣሪያው የጋራ ዜሮ ነጥብ፣ ጋር የተያያዘ ሳይሆን ራሱ ሁለተኛ ማጉያ የሚገፋው ሕያው ጫፍ ነው። የግራውንና የቀኙን አሉታዊ ጫፎች አንድ ላይ ማሠር ሁለት ማጉያዎችን አፍ ለአፍ አጋጥሞ እርስ በርስ ማገፋፋት ነው። ፍቱን መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጆሮ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ሽቦ እስከ መጨረሻው ሳይገናኙ እንዲሄዱ ማድረግ ነው። ኤችኢ-6 ለዚህ ይመቻል፤ ገመዱ በእያንዳንዱ ጆሮ በኩል ተፈትቶ ይወጣልና ለሁለቱ የየራሳቸውን ጥንድ ሽቦ መስጠት ይቻላል።

እነዚህ ሰሌዳዎች ሌላም ነገር አላቸው። መውጫቸው ላይ ያለው ማጣሪያ የሚሰላው ለ4 ወይም ለ8 ኦም ስፒከር ነው። 50 ኦም ሲሰቀልበት ከጆሮ በላይ ባለው ድግግሞሽ ላይ ያልታሰበ እብጠት ያበጃል። ሬዚስተር በጎን ሲታሠርለት ይረጋጋል።

ጋሼ ከአልጋቸው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ የቆየ፣ በ8 ኦም 50 ዋት የሚሰጥ የድሮ ጃፓን ሠራሽ አምፕሊፋየር ነበራቸው። ወደ እሱ ዞርን። መጀመሪያ ነቅዬው የስፒከር አሉታዊ ጫፎቹ ከሻንሲው (ከብረት አካሉ) ጋር መገናኘታቸውን በቴስተር አረጋገጥኩ፤ ተገናኝተዋል፤ በድልድይ የሚሠራ አይደለም። ቀጥዬ ያለ ምንም ጭነት አብርቼው በመውጫው ላይ የዲሲ ቮልቴጅ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋና ማዳመጫን የሚያቃጥል ቮልቴጅ፣ መኖሩን ለካሁ። ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነበር፤ ከሃምሳ ሚሊቮልት በላይ ቢሆን ኖሮ ጥገናው ሳያልቅ ማዳመጫ አላስጠጋበትም ነበር። የግራው ድምፅ ይመጣል ይሄዳል፤ ምክንያቱ የመከላከያው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) መገናኛዎች መበላሸት ነበር፤ በጽዳት ዳነ።

አምፕሊፋየሩ በፊት ለፊቱ የማዳመጫ ሶኬት ነበረው። ብዙ ሰው ይህንን ሶኬት ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ውስጡን ስከፍት የስፒከሩ መውጫ በ330 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ሶኬቱ እንደሚሄድ አየሁ፤ በድሮ አምፕሊፋየሮች የተለመደ ነው። አምፕሊፋየሩ በሙሉ አቅሙ 20 ቮልት ሲያወጣ፣ ከዚህ ውስጥ ለ50 ኦሙ ማዳመጫ የሚደርሰው 2.6 ቮልት ነው፤ ይህም 140 ሚሊዋት ገደማ፣ በድምፅ 105 ዲሲቤል። በሌላ ማዳመጫ ላይ የ330 ኦም ሬዚስተር ድምፁን ሊያጣምም ይችላል፤ ጥቅል ሽቦ ያላቸው ማዳመጫዎች ኢምፒዳንሳቸው በወፍራም ድምፅ አካባቢ ከፍ ስለሚል እዚያ ላይ ድምፁ ያብጣል። ፕላነሩ ግን እንደ ተራ ሬዚስተር ነው ብለናልና የሚቀንሰው መጠኑ ብቻ ነው፤ ቀለሙ አይለወጥም። ለአብዛኛው ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ ባለቀ፤ አሮጌ አምፕሊፋየርና ፕላነር ማዳመጫ ያለው ሰው አንዳች ነገር ከመግዛቱ በፊት ይህንን ሶኬት ይሞክር ዘንድ እመክራለሁ። ለጋሼ ግን አምስት ዲሲቤል ጎደለ። ከበሮ ሲበረታ አምፕሊፋየሩ ራሱ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ እሳቸው ደግሞ ልክ ያንን ቦታ መዳኘት ያለባቸው ሰው ናቸው።

ታዲያ በቀጥታ ከስፒከር መውጫው ጋር ማሠርስ? ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። 20 ቮልት በ50 ኦም ላይ 8 ዋት ነው፤ 122 ዲሲቤል የሚያልፍ ድምፅ። ጆሮ የሚያደነቁር ነገር ከጭንቅላት ላይ ተደፍቶ፣ መቆጣጠሪያው በአንድ የድምፅ ቁልፍ ላይ ብቻ ይቀራል። አምፕሊፋየሩ በዝምታ ጊዜ የሚያሰማው ሽሽታም ምንም ሳይቀነስ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ የድሮ ክር የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ የክሩን ሽሽታ ከመሣሪያው መለየት አለበት። የተረፈውን ኃይል በልክ መቀነስ ግድ ነበር።

ለእያንዳንዱ ጆሮ ቀላል የቮልቴጅ መከፋፈያ ሠራሁ። ከአምፕሊፋየሩ አዎንታዊ ጫፍ በኋላ በጎን ለጎን የታሠሩ ሁለት ባለ 22 ኦም ሬዚስተሮች ተቀመጡ፤ አንድ ላይ 11 ኦም ይሆናሉ። ከእነሱ በኋላ ከማዳመጫው ጋር ጎን ለጎን ሁለት ባለ 10 ኦም ሬዚስተሮች፤ አንድ ላይ 5 ኦም። በዚህ አሠራር አምፕሊፋየሩ የሚያየው ጭነት 15.5 ኦም ያህል ነው፤ አይከብደውም። ድምፁ ወደ 11 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ሽሽታውም በዚያው ልክ። ከፍተኛው ወሰን 5.8 ቮልት፣ 680 ሚሊዋት፣ 112 ዲሲቤል ላይ ይቆማል። ያቀድነው 110 ነበርና ሁለት ዲሲቤል ትርፍ ይዘን ተገላገልን።

ሬዚስተሮቹ ነጭ ሸክላ ለብሰው በአሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚገኙት ዓይነት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲነሱ ከማውቃቸው የመለዋወጫ ሱቆች ከፊሎቹ ቦታ ስለቀየሩ ዕቃውን የሰበሰብኩት ከመርካቶ ነው። የዋታቸው መጠን ላይ መሰሰት አይገባም። አምፕሊፋየሩ ሙሉ ኃይሉን ያለማቋረጥ ቢያወጣ በ11 ኦሙ ላይ 18 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ ስለዚህ ባለ 22 ኦሞቹ እያንዳንዳቸው ባለ 10 ዋት፣ ባለ 10 ኦሞቹ ደግሞ ባለ 5 ዋት ናቸው። ሙዚቃ ይህን ያህል አይጠይቅም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ቁልፉ ተሳስቶ ቢዞር ሣጥኑ ማጨስ የለበትም። የእያንዳንዱን ሬዚስተር ትክክለኛ መጠን በቴስተር ለክቼ ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን አጣመርኳቸው፤ ካልተመጣጠነ ዘፋኙ ከመሐል ወደ አንድ ጆሮ ያዘነብላል። ሁሉንም የአየር ቀዳዳ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ አሰርኩ፤ መውጫውንም ባለ አራት መገናኛ አደረግሁት። ይህ አምፕሊፋየር በጋራ መልስ ቢሠራም ነገ ሌላ ቢተካ ማዳመጫው እንዳይጎዳ ብዬ ነው።

የመብራት ነገር ቀረ። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ አምፕሊፋየሮች በመውጫቸው «ዱብ» የሚል ግፊት ይለቃሉ። የዚህኛው ሪሌ ለጥቂት ሰከንዶች ስለሚዘገይ ከዚህ ያድናል። የባሰው አደጋ ሌላ ነው፤ የመውጫው ትራንዚስተር ተቃጥሎ የውስጡ ቮልቴጅ በሙሉ በዲሲ መልክ ወደ ማዳመጫው ሲፈስ። 35 ቮልት በቀጥታ ቢገባ ስሱ ሽፋን ላይ 24 ዋት ይወድቃል፤ ሽፋኑ ይህን አይችልም። በመከፋፈያው በኩል ሲያልፍ ግን ወደ 2 ዋት ይወርዳል። በእያንዳንዱ መግቢያ ላይም ባለ አንድ አምፔር ፈጣን ፊውዝ ጨመርኩ፤ በእንዲህ ያለ ብልሽት ከ2 አምፔር በላይ ስለሚሳብ ፊውዙ ቀድሞ ይበጠሳል። የፊውዝ ዋጋ ከማዳመጫው ጋር አይወዳደርም።

ሁሉም ተገጥሞ ሲበራ ዝቅ ያለ እምምታ ቀረ። ከሣጥኑም ከአምፕሊፋየሩም አልነበረም፤ የኮምፒውተሩ ቻርጀር ሲነቀል ጠፋ። ቤቱ አሮጌ ነው፤ የግድግዳው ሶኬት ወደ መሬት የሚወርድ የግራውንድ መስመር የለውም። ለጊዜው ጋሼ ወሳኝ ቦታ ሲያዳምጡ ኮምፒውተሩን በባትሪ ያሠሩታል። ትክክለኛው መድኃኒት የግራውንድ መስመር መዘርጋት ነውና ለአከራዩ ተነግሯል።

ከዚያ ደብተሩ ተከፈተ። ጋሼ ጉዳት አለባቸው ብለው የመዘገቧቸውን ክሮች አንድ በአንድ እንደገና ሰሙ። በከበሮ ላይ የተመዘገበው ስንጥቅጥቅ ድምፅ አብዛኛው ጠፋ፤ የቀረውም እውነተኛ የክር ጉዳት ነበር፤ ቦታው በዓይን ሲታይ የክሩ ማግኔታዊ ሽፋን ተልጦ ተገኘ። በገናው ላይ የሆነው የበለጠ ደስ አሰኘኝ። የበገና ድምፅ በባሕርዩ ይነዝራል፤ በየአውታሩ ሥር የምትገባዋ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ ናት የምታስነዝረው። ጋሼ በገና ስለተቀዳበት አንድ ክር በደብተሩ ላይ «ተበላሽቷል፣ ይለስልስ» ብለው ጽፈው ነበር። አሁን ሲሰሙት አሥሩም አውታሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ንዝረት ይዘው ወጡ። ጽሑፉን ሰርዘው በጎኑ «እንዚራ ነው፣ እንዳይነካ» ብለው ጻፉ። ይህ ሁሉ ሥራ ለዚያች አንዲት መስመር ብቻ ቢሆን እንኳ አያስቆጨኝም።

ስለ ድምፁ ጥራት ግን ከልክ በላይ መናገር አልፈልግም። ፕላነር ማዳመጫ «ከረንት ይጠማዋል»፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ካልነካው «አይነቃም» ሲባል እሰማለሁ። ቁጥሩ ይህንን አይደግፍም። በሣጥናችን ከፍተኛ ወሰን ላይ እንኳ የሚፈሰው ከረንት 120 ሚሊአምፔር አይሞላም። የፊት ለፊቱን ሶኬትና አዲሱን ሣጥን በቴስተር እኩል ቮልቴጅ ላይ አድርጌ፣ የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው ስቀያይርላቸው፣ ጋሼ በመካከለኛ ድምፅ ላይ ሊለዩዋቸው አልቻሉም። ልዩነቱ የታየው ከበሮው ሲበረታ ብቻ ነው፤ አንዱ ወሰኑ ላይ ደርሶ ይሰነጠቃል፣ ሌላው አይደርስም። ሳይመጣጠን የተሰማ ማነጻጸር ሁሉ ጮኽ ያለውን የተሻለ ያስመስላል፤ ገበያውም ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ይህንን ነው።

ለጋሼ አጥብቄ የነገርኳቸው ስለ ጆሯቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 80 ዲሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። 85 ዲሲቤል ላይ የሚሰማው የፍተሻው ክፍል ብቻ መሆን አለበት፤ ቀሪው ሥራ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ይከናወናል። በድምፅ ቁልፉ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግን። ሌላ ማዳመጫ በዚህ ሣጥን ላይ እንዳይሰኩም ተስማማን፤ በአንድ ሚሊዋት 100 ዲሲቤል የሚያወጣ ማዳመጫ እዚያ ላይ ቢገባ ጆሮም ማዳመጫም ይጎዳል።

ሥራውን ያዩ አንድ ወዳጃቸው ደግሞ ለራሳቸው ተመሳሳይ ሣጥን እንድሠራላቸው ጠይቀዋል። ያላቸው ግን የዲ-መደብ ሰሌዳ ነው። የጋሼን ሣጥን ገልብጬ አልሠራላቸውም፤ ግራና ቀኙ የትም ቦታ የማይገናኙበት፣ ከብረት ሣጥኑም የተነጠለ ሁለት የተለያየ መከፋፈያ ይሆናል። ቮልቴጁን ለክቼ የሬዚስተሮቹን መጠን የምወስነው ሰሌዳውን ሲያመጡልኝ ነው፤ ከማዳመጫው በፊት ሰሌዳውን ብቻ ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።